ከድንጋዩ በፊት የቀረበው ምሳ

ፎቶው ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። ነጭ ነጠላ የለበስኩት፣ ጭኔ ላይ ሳህን ያለው። ወገዳ ገበያ በወጣሁ ቁጥር ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ «እዪ፣ አንቺ አይደለሽም እንዴ?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ከፎቶው በታች፣ ደም የተቃቡት ሁለቱ ቤተሰቦች በባህላዊ ሥርዓት ታርቀው ማዕድ ሲቆርሱ የሚል ተጽፎበታል። ማንበብ እችላለሁ፤ አራተኛ ክፍል ድረስ ተምሬአለሁ። ውሸት መሆኑን ለማወቅ ደግሞ እሱም አያስፈልገኝም፤ እዚያው ነበርኩ።

እስቲ ፎቶውን ደህና አድርጋችሁ እዩት። ቀኝ እጄ የት አለ? ነጠላዬ ስር ነው። የልጄን እጅ ጨምድጄ ይዤዋለሁ። ሳህኔ እንደቀረበልኝ ሙሉ ነው፤ የልጄም ሙሉ ነው። ከፊት ለፊታችን፣ ፎቶው ጫፍ ላይ፣ ቆብ የደፉ አንዲት አሮጊት ይታያሉ። የሟች እናት ናቸው። የሳቸውም ሳህን አልተነካም። ፎቶ አንሺው ይህን ሁሉ አንስቶ ምንም አላየም።

እኛ የሲማዳ ገበሬዎች ነን። ባሌ ታሞ ከሞተ በኋላ መሬታችንን የሚያርስልኝ ዋርሳዬ፣ የባሌ ታናሽ ወንድም ነበር። ከወንዙ የሚወጣ አንድ የመስኖ ቦይ አለን፤ ከማዶ ጎጥ ሰዎች ጋር በተራ የምናጠጣበት። በበጋ ውሃው ሲያንስ ተራ መጠበቅ ያስመርራል። አንድ ጠዋት ዋርሳዬና የማዶው ሰው ተራው የማን እንደሆነ ተጨቃጨቁ። ዋርሳዬ በዱላ መታው። ሰውየው ቦዩ ውስጥ ወደቀ፤ አልተነሳም። ድንቼን ሊያጠጣ የነበረው ውሃ በሱ ላይ ሲፈስ በዓይኔ አይቻለሁ።

ዋርሳዬ እጁን ሰጠ፤ ተፈረደበትና ደብረ ታቦር ታሰረ። ለመንግሥት ጉዳዩ እዚያ ላይ አለቀ። በኛ አገር ግን ገዳይ ሲታሰር ደሙ አብሮት አይታሰርም። የሟች ወገን ዓይኑን የሚጥለው በቀረው ወንድ ላይ ነው። እኛ ቤት የቀረው ወንድ ልጄ ነው።

ልጄ ያኔ ወገዳ አሥረኛ ክፍል ይማር ነበር። ወደ ወገዳ የሚያወጣው መንገድ በሟች ቤተሰብ ጎጥ መካከል ያልፋል፤ ሌላው መንገድ ገደል ነው። ትምህርቱን አቆመ። አዝመራውን እኔ እያጨድኩ እሱ ቤት ይውል ጀመር። ውጭ ሲወጣ የኔን ነጠላ አከናንበዋለሁ፤ ከሩቅ ያየ ሴት ናት እንዲል ብዬ ነው።

«እማ፣ እንዲህ ከሆነ ለምን አትድሪኝም?» ይለኛል ነጠላውን እያስተካከለ። «ጥሎሹን አንቺው ትበያለሽ።»

«ዝም ብለህ ተከናነብ።»

«ጢሜ ወጥቷል እኮ። ሙሽራዋ ጢማም ናት ይላሉ።»

ይስቃል። እኔ አልስቅም። ጉድጓድ ሲቆፈር ብሰማ የማን ነው እላለሁ። ውሻ ሲጮህ እጄ በር ላይ ነው። ደግሞስ ምን አጠፋሁ? ዱላውን አላነሳሁ፤ ልጄም ያን ጠዋት ትምህርት ቤት ነበር። ሌላው ያፈሰሰውን ደም እኔ ሌት ተቀን መጠበቅ ነበረብኝ። ያን ጊዜ የጀመረኝ ንዴት ዛሬም አልወጣልኝም።

እርቁን የጀመሩት ሁለት ሽማግሌዎች ናቸው። አንደኛው ጋይንት ቤተ ልሔም ሲያስተምሩ ኖረው እርጅና ሲመጣ ወደ ትውልድ ደብራቸው፣ ወደኛ የተመለሱ የኔታ ናቸው። ሁለተኛው ወገዳ ጨርቅ የሚሸጡ ሐጂ ናቸው። ከሁለታችንም ወገን ዘመድ የላቸውም፤ ስለዚህ ሁለታችንም እናምናቸዋለን። የኔታ ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት። ሐጂ ግን ቀልድ ያውቃሉ፤ «እኔ ለሁለታችሁም የከፈን ጨርቅ መሸጥ ሰልችቶኛል፤ እስቲ የሠርግ ልሽጥላችሁ» ይሉ ነበር።

የነሱን ሥራ ያላየ ሰው እርቅ ማለት ተሰብስቦ መጨባበጥ ይመስለዋል። አይደለም። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ የሟች እናት ደጅ ሄደው ቆሙ። እናትየዋ ልጃቸው ከሞተ በኋላ ቆብ ደፍተዋል፤ እማሆይ ነው የምንላቸው። አልከፈቱም። ሽማግሌዎቹ ቆመው፣ ቆመው ተመለሱ። ደግመው ሄዱ። ዝናብ ሲመታቸው ቆሙ። አንድ ቀን እማሆይ በሩን ገርበብ አድርገው «ልጄን ይዛችሁ መጥታችኋል?» አሏቸው። «አልያዝንም» አሉ የኔታ። «እንግዲያው ሂዱ» አሉና ዘጉት። እንዲህ እየሆነ ሁለት ክረምት ገባ፣ ሁለት ክረምት ወጣ። ሽማግሌዎቹ እዚያ የሰሙትን ክፉ ቃል እኔ ቤት አያመጡም፤ የኔንም ወደዚያ አይወስዱም። የሰሙትን ክፉ ነገር ሁሉ ውጠው ይቀራሉ። «ምን አሉ?» ስላቸው የኔታ «ደህና ናቸው» ብቻ ይሉኛል። ያንን ቃል ስንት ጊዜ ረገምኩት!

በመጨረሻ እማሆይ እሺ አሉ። ከመስቀል በኋላ፣ በሳቸው ደብር ቅጥር ደጃፍ ላይ እንዲሆን ተቆረጠ።

የእርቁ ሥርዓት እንዲህ ነው። ከገዳይ ወገን ያለው ወንድ ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ የሟች ወገን ፊት ይቆማል። የሟች ወገን «አውርድ» እስኪል ያቆመዋል። ድንጋዩ ሲወርድ ሽማግሌ ይመርቃል፤ ሁለቱም ወገን ይማማላል። ከዚያ በኋላ የሟች እናት ዳቦ ቆርሰው በገዛ እጃቸው ለገዳይ ወገን ያጎርሳሉ። ምግብ የመጨረሻው ነው። እስከዚያ ድረስ ደም የተቃቡ ሰዎች ከአንድ ማዕድ አይቀምሱም። አንድ ድግስ ላይ ቢገናኙ እንኳ አንደኛው ተነስቶ ይወጣል። ድንጋዩ ሳይወርድ አብሮ የበላ የሟች ወገን፣ የሟቹን ደም በላ ይባላል። እንዲህ የተባለ ወንድ ስሙን የሚያጥብበት አንድ መንገድ ነው ያለው፤ መግደል። ይህን በኛ አገር ሕፃኑም ያውቃል።

ድንጋዩን የሚሸከመው ልጄ ነበር። አንገቱን ደፍቶ ጠመንጃ በያዙ ሰዎች መካከል ሲቆም እያሰብኩ እህል አልወርድልሽ አለኝ። ቢሆንም መጨረሻው ታየኝ። ደብተሮቹን ከሳጥን አውጥቼ አቧራቸውን ጠረግሁ።

ቀኑ ሲቃረብ የወረዳው ሰውዬ በሞተር መጣ። ስለ እርቁ ሰምቷል። ጎልማሳ ነው፤ ጫማው የተወለወለ። የፈረንጅ ልጅ አይደለም፤ እስቴ ገጠር የተወለደ፣ እናቱም እንደኔ እርሻ ላይ የምትውል ሰው ነው። ለዚህ ነው ይበልጥ የሚያናድደኝ። የማያውቅ ሰው ቢሆን ይቅር ባልኩት።

«እናቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ» አለኝ። «ይሄ ትልቅ ነገር ነው። እንዲህ ገጠር ውስጥ ተደብቆ መቅረት የለበትም። ከተማ፣ አዳራሽ ውስጥ እናደርገዋለን። እንግዶች ይመጣሉ። ለሌላው ትምህርት ይሆናል።»

«እማሆይ የፈቀዱት ደብራቸው ላይ ነው» አልኩት። «እርስዎ አነጋግረዋቸዋል?»

«ሽማግሌዎቹን እናነጋግራለን።»

«እማሆይን ነው ያልኩት።»

«ሽማግሌዎቹ ይነግሯቸዋል። አይዞሽ፣ ራስን በራስ ማስተዳደር ማለት ይሄ ነው፤ የራሳችሁን ችግር በራሳችሁ ባህል ስትፈቱ እኛ ደግሞ እንደግፋለን።»

ይህንን ሲናገር ሞተሩን እንኳ አላጠፋውም።

የኔታ እምቢ ብለው ነበር። ሐጂ ግን «የኔታ፣ ከቢሮ ጋር ተጣልተን ሰው ልናስታርቅ ነው?» አሏቸው። በዚህ ክፉ ጊዜ ሰው ሁሉ ከመንግሥትም ከሌላውም መጣላት ይፈራል፤ አልፈርድባቸውም። ያዘንኩት በሌላ ነው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ከሰውየው ጋር ተቀምጠው ሲወስኑ የኔን ደጅም የእማሆይንም ደጅ አላንኳኩም። ያን ሁሉ ጊዜ በእማሆይ በር ላይ ቆመው፣ አንዲት ቃል ለማግኘት ተለማምጠው፣ ቀኑንና ቦታውን ሲቀይሩ ግን ነገሯቸው እንጂ አልጠየቋቸውም። እኔ ልጄን የምሰጥ፣ እሳቸው ልጃቸውን የሰጡ፤ ለመወሰን ግን ወንዶቹ በቁ።

በቀኑ በመኪና ወሰዱን። አዳራሹ በጨርቅ ጽሑፍ ተሸፍኗል። የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሯል። የኔታና ሐጂ አንገታቸው ላይ ስም የተጻፈበት ካርድ ተንጠልጥሎላቸዋል፤ የኔታ መስቀላቸው ላይ እየተጠላለፈባቸው ሲያላቅቁት ነበር። ደም የተቃባነውን ሰዎች አንድ ረድፍ ሊያስቀምጡን ሲሉ የሟች ወንድም ወንበሩን አንስቶ ፊት ለፊታችን ሄደ። እማሆይም ከጎኑ ተቀመጡ። ያኔ ነው ከቅርብ ያየኋቸው። ከቦዩ ጠዋት ጀምሮ ያሰብኳቸው አስፈሪ ሴት ነበሩ፤ ያየሁት ግን ትንሽዬ፣ እግራቸው መሬት የማይደርስ አሮጊት ነው።

ንግግር ተጀመረ። አንዱ ሲወርድ ሌላው ወጣ። ባህላዊ የግጭት አፈታት፣ ሀገር በቀል ዕውቀት፣ ተሞክሮ፣ ማስፋት። የሟችን ስም ያነሳ የለም። ጠረጴዛው ላይ አንድ ድንጋይ ተቀምጧል፤ ታጥቧል፤ ቡሄ ላይ የምንጋግረውን ሙልሙል ያህላል። ልጄ አየውና ወደ ጆሮዬ ተጠጋ።

«እማ፣ ይሄን ነው የምሸከመው?»

«ዝም በል።»

«በአንድ እጄ እችለዋለሁ።»

«ዝም በል አልኩህ።»

ከዚያ የወረዳው ሰውዬ ማይኩን ያዘ። «እንግዶቻችን መንገዱ ሳይመሽባቸው መመለስ ስላለባቸው፣ መርሐ ግብሩ ላይ መጠነኛ ማሻሻያ አድርገናል። ምሳ ይቅደም። የእርቁን ሥርዓት ከምሳ በኋላ እንፈጽማለን።»

የኔታ ከተቀመጡበት ተነሱ። «ልጄ፣ ይህ አይሆንም» አሉት። ማይክ አልነበራቸውም፤ ከኋላ ያለው አልሰማም። ሰውየው ሄዶ ትከሻቸውን ይዞ አስቀመጣቸው። «የኔታ፣ ምንም አይደል፣ ያው አንድ ነው» ሲል ሰማሁት። ያው አንድ ነው! የእስቴ ልጅ ነው እኮ። እናቱ ድንጋይ ሳይወርድ ማዕድ እንደማይነካ ሳትነግረው አሳደገችው? ነግራዋለች። እሱ ግን ለእንግዶቹ መኪና ብሎ ገለበጠው።

ሳህን በየጭናችን ተቀመጠ። የፍስክ ቀን ነበር፤ ሥጋ ነው። ልጄ ከቤት የወጣው ሳይበላ ነው። እጁን ሲሰድ አንጓውን ያዝኩት።

«እማ፣ ሰው እያየን ነው።»

«ይየን።»

«ርቦኛል እኮ።»

«ከምትሞት ይራብህ።»

ያኔ ገባው። ከዚያ በኋላ አልቀለደም።

አስተናጋጆቹ ከኋላ ቆመው «ብሉ፣ ብሉ እንጂ» ይላሉ። የወረዳው ሰውዬ መጥቶ አጠገቤ ጎንበስ አለ። «እናቴ፣ ምነው? ጦም ነሽ እንዴ?» «ሆዴን አሞኛል» አልኩት። «ለፎቶው ያህል አንድ ጉርሻ» አለኝ። ቀና ብዬ አላየሁትም። ፊት ለፊት አንድ ሌላ ባለሥልጣን የሟች ወንድም ላይ ቆሟል። ወንድምየው ጎረምሳ ነው፤ ዙሪያውን አየ፤ እንግዶቹ ያዩታል፤ ካሜራው ወደሱ ዞሯል። ግራ ገባው፤ ቆረሰና ጎረሰ። አንድ ጊዜ ነው። እናቱ ጉሮሮውን ሲያዩ፣ ሲውጥ ሲያዩት፣ እኔም እሳቸውን አየሁ። ከዚያ ዓይናቸው ወደኔ ሳህን መጣ። እዚያው ቆየ።

ድንጋዩን ከምሳ በኋላ ልጄ በሁለት እጁ ይዞ ፎቶ ተነሳ። «አውርድ» ያለው የወረዳው ሰውዬ ነው። ጭብጨባ ሆነ። እንግዶቹ ወዲያው ወጡ።

የሆነው እንደፈራሁት ነው። ከሳምንቱ ገበያ ጀምሮ ወሬው ደረሰ፤ የሟችን ወንድም ሰንበቴ ላይ ዋንጫ የሚያቀብለው ጠፋ። አንዱ ጓደኛው «የወንድምህ ሥጋ ጣፈጠህ?» ብሎታል አሉ። እስከዚያ ቀን ድረስ ያ ልጅ ለመታረቅ የፈቀደ ሰው ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ወንድነቱን ማሳየት ነበረበት። አንድ ቀን ጎመን ልቀነጥስ ጓሮ ስወርድ ከማዶ ካለው ዋርካ ስር ተቀምጦ አየሁት። ጠመንጃው ጭኑ ላይ ነው። የሚያየው የኔን በር ነው። ጎመኑን ጥዬ ገባሁ፤ ልጄን ከእህል ጎታው ኋላ አስቀመጥኩት። ነጠላ ማከናነብ እንኳ ቀረ።

እርቅ የሌለበት ጊዜ ይሻለን ነበር። እነሱ አስታርቀውን የባሰ አጣሉን።

ቢሮው ድረስ ሄድኩ። ሰውየው ፈገግ ብሎ ተቀበለኝ፤ ያንን ፎቶ አሳድገው ግድግዳው ላይ ሰቅለውታል።

«እርቁ ፈርሷል» አልኩት። «ያ ልጅ ልጄን ሊገድልብኝ ነው።»

«እናቴ፣ ይሄማ ተፈጽሟል። ሪፖርት ተደርጓል።»

«ሪፖርቱን ማን በላው?»

«ምን?»

«እርቁ የተፈጸመው ለማን ነው እልሃለሁ!» አንተ ብዬው ነበር፤ ካፌ ወጣ፤ አልመለስኩትም። «የናትህ አገር ሰው ነህ። ድንጋይ ሳይወርድ ማዕድ እንደማይነካ ታውቃለህ። ለሁለት ሰዓት መንገድ ብለህ የሁለት ክረምት ልመና አፈረስክ። ልጄ ቢሞት ይሄን ፎቶ ታወርደዋለህ? ወይስ ከሥሩ ሌላ ትጽፍበታለህ?»

«አትጩሂ እናቴ። ችግር ካለ የሰላም ኮሚቴው ያየዋል።»

«ኮሚቴ አልፈልግም። ያንን በር የሚያንኳኳ ሰው ነበረን፤ ካርድ አንጠልጥላችሁ አሳፈራችሁት።»

ወጣሁ። ከቢሮ ሰው ጋር እንዲህ ተናግሬ አላውቅም፤ መንገዱን ሙሉ ምን ያደርጉኝ ይሆን እያልኩ ነው የተመለስኩት። ራሳችሁን አስተዳድሩ የሚለን ሰው ምሳ የሚበላበትን ሰዓት እንኳ ለኛ አልተወልንም።

የኔታ ከዚያ በኋላ ወደኔም ወደ እማሆይም አልመጡም ነበር፤ አፍረዋል። አንድ ጠዋት ግን ከሐጂ ጋር ሆነው ግቢዬ ገቡ። ሐጂ ያን ቀን አልቀለዱም።

«እማሆይ ልከውብን ሄድን» አሉ የኔታ። «በሩን ከፍተው ጠበቁን። አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቁን። ያች የገዳይ ወገን ሴት በላች ወይ? አሉ።»

«ምን አሏቸው?»

«አልበላችም አልኳቸው። ልጇስ? አሉ። እናቱ እጁን ይዛው ነበር አልኳቸው። እሱንስ እኔም አይቻለሁ፤ ከእናንተ አፍ ልስማው ብዬ ነው አሉን።»

ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ከዚያ ምን እንዳሉ ልንገርሽ፤ የኔታ ያፍራሉ። እናንተ ሽማግሌዎች በላችሁ፣ ልጄም በላ፤ ያልበላነው እኔና እሷ ነን። እንግዲህ ማዕዱን የምንጀምረው እኛ ነን፤ ከሷ ሌላ ሰው ጠይቃችሁ ቀን እንዳትቆርጡ አሉን። እኔ በበኩሌ ለብቻ የቀረበልኝን የእስላም ሥጋ በልቼ ነበር። ሥጋው ጠንካራ ነበር፤ እስካሁን አልተፈጨልኝም።»

ሳቄ መጣ። ከዚያ አለቀስኩ። ቀኑን እኔ ቆረጥኩ። በሕይወቴ ወንዶች ተቀምጠው «መቼ ይሁን?» ብለው ሲጠብቁኝ የዚያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት።

ጠዋት፣ ቅዳሴ ከወጣ በኋላ፣ በእማሆይ ደብር ቅጥር ደጃፍ ላይ ቆምን። ድንጋዩን ልጄ ከቦዩ ዳር ነው ያመጣው፤ ሰውየው ከወደቀበት ቦታ። በአንድ እጅ የሚቻል አልነበረም። ትከሻው ላይ አድርጎ አንገቱን ደፋ። የሟች ወንድም ፊት ለፊቱ ቆሟል፤ ጠመንጃውን ሐጂ ተቀብለውታል። ላቡ ከግንባሩ ሲንጠባጠብ እያየሁ ቆምኩ። ልሂድና ልደግፈው ነበር የምፈልገው። አይቻልም።

እማሆይ ልጃቸውን አዩት። «በል» አሉት።

ልጃቸው «አውርድ» አላለም። ልጄ ድንጋዩን ወደ ሌላው ትከሻው አዛወረ።

«ያን ቀን የበላኸው የአዳራሽ ምግብ ነው» አሉት እማሆይ። «ማዕድ አልነበረም። ማዕድ እኔ የምቆርሰው ነው፤ እኔ ደግሞ አልቆረስኩም። ደሙን የበላ የለም። ያላመነ ይምጣና እኔን ይጠይቀኝ።» ይህን ሲሉ የጎጡን ሰዎች ዞረው አዩ፤ ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ።

«አውርድ» አለ ልጃቸው። ድምፁ ቀጭን ነበር።

ድንጋዩ ሲወርድ መሬቱ ድም አለ። የኔታ መረቁ፤ ሐጂም በራሳቸው ዱዓ መረቁ፤ ተማማልን። እማሆይ ዳቦውን ቆረሱ፤ መጀመሪያ ለልጄ፣ ቀጥሎ ለኔ አጎረሱን። ሲያጎርሱኝ ጆሮዬ ሥር እንዲህ አሉኝ።

«አልወደድኩሽም። እንዳይመስልሽ።»

«አውቃለሁ፣ እማሆይ።»

«እጅሽ ግን ደህና ነው። እኔ የልጄን እጅ መያዝ ነበረብኝ።»

ከዚያ ለገዛ ልጃቸው አጎረሱ።

ሳምንት ሳይሞላ ሞተሩ መጣ። የወረዳው ሰውዬ ይህንንም ሰምቷል። «ለምን አልነገራችሁንም? ካሜራ ይዘን በመጣን ነበር። ደግሞ እናቴ፣ ደብረ ታቦር ስብሰባ አለ፤ መጥተሽ ተሞክሮሽን ብታካፍዪ» አለኝ። እንዳልሰደብኩት የሚመሰክርልኝ ልጄ ነው። «ያንን ፎቶ አውርደው፣ ከዚያ እናወራለን» አልኩት። ፎቶው እስከ ዛሬ አልወረደም። ወደ እማሆይ ሄዶ ነበር አሉ፤ በሩን አልከፈቱለትም። መቆሙን አያውቅበትም፤ ወዲያው ተመለሰ።

ልጄ ትምህርት የጀመረ ቀን ነጠላዬን ሳልሰጠው ሸኘሁት። እስከ ጉብታው ድረስ ሄጄ፣ መንገዱ ወደ እነሱ ጎጥ ሲታጠፍ ቆሜ አየሁት፤ ከታጠፈም በኋላ ቆምኩ። ቀኑን ሙሉ ሥራ አልሠራሁም። ያንን መሐላ አላመንኩትም ማለት አይደለም። እናት ነኝ፤ የማምነው ሲመለስ ነው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ብቅ አለ። ደብተሩን በብብቱ ይዞ፣ እንደ ድሮው እያፏጨ ነው።

«በነሱ ደጅ አለፍክ?»

«አለፍኩ።»

«ማን አየህ?»

«እማሆይ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ጠሩኝ። ቆሎ ሰጡኝ።»

«በላህ?»

ኪሱን ገልብጦ አሳየኝ። አንድ የገብስ ፍሬ ወደቀች።

«በላሁ» አለኝ።